ጋሽ ሃሮልድ፣ ደጅ ሳሚው

ሚስ ዶሮቲ ሲደውሉልኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ በምሠራበት ፋርማሲ መስኮት ፊት አንድ ሰውዬ ቆሞ ኢንሹራንሱ መድኃኒቱን ለምን እንዳልሸፈነለት ይጠይቀኛል፤ የኢንሹራንሱ ባለቤት እኔ የሆንኩ ይመስል። ስልኬ ላይ ስማቸውን ሳይ ደነገጥኩ። ሚስ ዶሮቲ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለ የአንድ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ጉባኤ ሰብሳቢ ናቸው። የእኛ ማኅበር ከግቢያቸው ኋላ ያለችውን ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት ተከራይቶ እሑድ እሑድ ይቀድስባታል። እንግሊዝኛሽ ይሻላል ተብዬ በመካከል የምመላለሰው እኔ ስለሆንኩ፣ ማሞቂያ ሲበላሽ ወይም ከእኛ ሰዎች አንዱ መኪናውን ሣር ላይ ሲያቆም ይደውሉልኛል። በሥራ ቀን ግን ደውለው አያውቁም።

“ብዙነሽ” አሉኝ። “ሃሮልድ ትናንት አረፈ።”

ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሚስ ዶሮቲ ሌላ አንድ ነገር ጨመሩ። እሱን አሁን አልናገረውም፤ ጋሽ ሃሮልድን ለማያውቅ ሰው ቢነግሩት ትርጉም አይሰጠውም። እኔ ግን እዚያው የመድኃኒት ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

“ጋሽ” ያልናቸው እኛ ነን። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ፣ ታላቅ ለሆነ ሰው የምንሰጠው የአክብሮት ስም ነው አልኳቸው። “ማን ወሰነ? ድምፅ ተሰጥቶበታል?” አሉ። ፊታቸው ላይ የፈገግታ ምልክት የለም። ቀልዳቸው እንዲህ ነበር፤ ሳቁን እቤት ደርሰሽ ነው የምትስቂው። ከዚያ ወዲህ ግን ከእኛ ሰው አንዱ “ሚስተር ሃሮልድ” ብሎ ከጠራቸው ዞር ብለው አያዩትም ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ በነሐሴ ሙቀት እንኳ ከረባት የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ድልድይ ይመረምሩ ነበር። የሥራው ጸባይ ሳይለቃቸው ቀርቶ፣ የትኛውም ግድግዳ ላይ ከመደገፋቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ይሰጡታል። ባዶ ድምፅ ከሰጠ አይደገፉትም። ሰውንም እንዲሁ ያደርጉት እንደነበር ቆይቼ ነው የገባኝ። አንድ ጥያቄ ይጠይቁሽና መልስሽን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡታል።

ያኔ፣ ገና ስንከራይ፣ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ያዥ እሳቸው ነበሩ። ስንገባ ምንጣፉን አትጎትቱ፣ ስንወጣ መብራት አጥፉ፣ መስኮት ዝጉ እያሉ ይከተሉናል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወደድናቸውም። “ይሄ ሰውዬ ኢንስፔክተር ነው እንዴ?” ይሉ ነበር እናቶች። እሳቸው ግን ጥላቻውን የሚያውቁትም አይመስሉም።

የመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴ ላይ ቄሱ ማዕጠንት ሲያሳርጉ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ሕፃናት አለቀሱ፣ ሁለት የእሳት አደጋ መኪና እያንቋረረ መጣ። እኔ አፍሬ፣ በቃ ሳንጀምር አለቀልን ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ ሃሮልድ ወጥተው እሳት አጥፊዎቹን አነጋገሩና ሸኟቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው፣ “ጭሱን መተው ትችላላችሁ?” አሉኝ። አንችልም አልኩ። “ከመቼ ጀምሮ ነው የምታደርጉት?” ከጥንት ከአባቶች ጀምሮ ነው አልኩ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና፣ “እንግዲያው ማስጠንቀቂያው ነው የሚስተካከለው” አሉ።

ሕጉ እንዲህ ነው አሉ፦ የጭስ ማስጠንቀቂያ ለጊዜው የሚዘጋ ከሆነ፣ እስኪከፈት ድረስ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ቤቱን መጠበቅ አለበት። ጠባቂው ራሳቸው ሆኑ። በሚቀጥለው እሑድ ከኋላ ወንበር ላይ ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። በሩ ላይ የኛን ጫማ ክምር አይተው የራሳቸውንም ጥቁር ጫማ አውልቀው፣ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ አጣጥፈው፣ ከግድግዳው ጋር አስተካክለው አስቀምጠዋል። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተጥፎ ነበር፤ አጣጣፉም የወንድ እጅ ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል። ሚስታቸው ኤለን እኛ ከመምጣታችን ጥቂት ቀደም ብላ እንደሞተች ያወቅሁት በዚያ ካልሲ ሰበብ ነው።

እንዲህ ሆነው አንድም ቃል የማያውቁትን ቅዳሴ እሑድ በእሑድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። ሕዝቡ ሲቆም ቆሙ። ሲሰግድ እሳት ማጥፊያውን ቀስ አድርገው አስቀምጠው ተንበረከኩ። “ኢንስፔክተር” ይሏቸው የነበሩት እናቶች ከጥቂት ወር በኋላ ጸበል ጻዲቁን ለእሳቸው ሳያደርሱ ለማንም አይሰጡም ነበር። ከእኛ ቅዳሴ በኋላ ጫማቸውን አድርገው ወደ ትልቁ ቤት፣ ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ይሄዱና የራሳቸውን ቅዳሴ ያስቀድሳሉ።

ካህን አልነበሩም፤ ዲያቆንም አልነበሩም። ምእመን ናቸው። ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲናገሩ ስለ ገዛ ቤቱ ጣሪያ የሚጨነቅ ሰው ይመስላሉ። ጊታር ወደ ቅዳሴ መግባቱን አይወዱም። አዲስ የወጣውን የጸሎት መጽሐፍ ትተው ሽፋኑ የነተበውን አሮጌውን ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ለማሳቅ ብዬ፣ “ጋሽ ሃሮልድ፣ ግን አንዳንድ ነገር ቢሻሻል ምን አለበት?” አልኳቸው። “ቀለሙን ቀቢው” አሉኝ። “መብራት ጨምሪበት። ምሰሶውን ግን አሳምረዋለሁ ብለሽ አትቆርጪም። ከላይ ሰው እያለፈበት ነው።” ጥቂት ሄድ ብለው ዞር አሉና፣ “እኔ ባለቤት አይደለሁም፣ ተረካቢ ነኝ” አሉ።

ከኋላ ተቀምጠው በሩን ስለሚያዩት ሌላ ነገርም አስተዋሉ። ከእኛ ሰዎች አንድ ታክሲ ነጂ አለ፤ እሑድ ጠዋት ከኤርፖርት ሲመለስ መኪናውን ያቆምና በሩን ተሳልሞ፣ ጥቂት ቆሞ፣ ሳይገባ ይሄዳል። ሌሎችም ውጭ የሚቆሙ አሉ፦ ያረፈዱ፣ በልባቸው ጉዳይ ያለባቸው፣ ዛሬ ለመግባት ንጹሕ አይደለሁም የሚሉ። “እነዚህ ሰዎች ለምን አይገቡም?” አሉኝ። ነገርኳቸው። በእኛ ዘንድ መግባት ያልቻለ ሰው ደጁን ይሳለማል፣ ቅጥር ውስጥ ይቆማል፣ ያስቀደሰ ያህል ይቆጠርለታል አልኩ።

“ማን ይቆጥርለታል?”

“ባለቤቱ።”

ውጭ የቆሙትን አሻግረው አዩ። “እኛ ዘንድ ወይ ውስጥ ነሽ ወይ ውጭ ነሽ” አሉ። “በር ላይ ለሚቆም ሰው ቦታ አላበጀንም።”

ያን ሲሉ የቤተ ክርስቲያናቸው ጠብ ጀምሮ ነበር። እኔ እንደገባኝ ጠቡ ስለ ጋብቻና ስለ ቅዱስ መጽሐፍ ሥልጣን ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው አለቆች የጋብቻን ሥርዓት የሚለውጥ አዲስ ነገር ወሰኑ። ጋሽ ሃሮልድና መሰሎቻቸው የተረከብነውን የመለወጥ ሥልጣን የለንም አሉ። ሚስ ዶሮቲና ጥቂት ሰዎች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በሯን በሰው ላይ እየዘጋች ለእግዚአብሔር ልትከፍት አትችልም አሉ። የእኔ ልብ ወደ ማን እንደሚያደላ ማንም ሊገምተው ይችላል፤ ሚስ ዶሮቲ ግን ሞኝም ክፉም አልነበሩም። ከጋሽ ሃሮልድ ጋር በአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ኤለን ስትዳርም ሚዜዋ የነበሩ ሴት ናቸው።

ድምፅ ተሰጠ። አብዛኛው ሕዝብ፣ ጋሽ ሃሮልድም ጭምር፣ ከሀገረ ስብከቱ ለመለየት ወሰነ። ከዚያ ሕንፃው የማን ነው የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ገብቶ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ለሀገረ ስብከቱ ተፈረደ። የተለዩት ሰዎች ቤቱን ለእነ ሚስ ዶሮቲ አስረክበው እንዲወጡ ታዘዙ።

የዚያን ሰሞን ጋሽ ሃሮልድ ያደረጉትን አልረሳም። የተሸነፈ ሰው እቃውን ይዞ ይወጣል፤ እሳቸው ግን ጥገና ጀመሩ። የማሞቂያውን ማጣሪያ ቀየሩ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠሩ፣ የተቃጠለውን አምፖል ሁሉ በመሰላል እየወጡ ተኩ። እሳት መጠበቁንም ከእኛ አንዱን ሰው አስተማሩት። ኤለን ስትሞት በስሟ የሰጡት የብር ጽዋ ነበር። ከወገኖቻቸው አንዱ፣ “ይሄንን እንኳ ውሰድ፣ የራስህ ነው” ሲላቸው እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። “ለመሠዊያው ነው የሰጠሁት” አሉት። “መሠዊያው ደግሞ አልሄደም።”

ሰውየው ሚስ ዶሮቲን ሰደበ። ጋሽ ሃሮልድ ከመሰላሉ ወረዱ። “ተሳስታለች አልኩ እንጂ ክፉ ናት አላልኩም” አሉት፤ “በእኔ ፊት ሁለተኛ እንዳትናገር።” ቁልፉን ለሚስ ዶሮቲ ያስረከቡት በእጃቸው ነው። ሁለቱም ደረቅ ናቸው። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አንድም ቃል አልተነጋገሩም፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት አልተነጋገሩም።

ታዲያ አንድ የማይነሣ ነገር ቀርቶ ነበር። በግቢው ምሥራቅ በኩል ትንሽ የመቃብር ቦታ አለች። ኤለን እዚያ ናት። ድንጋዩ ላይ ስሟ በግራ በኩል ተቀርጿል፤ ቀኙ ባዶ ነው፤ ለእሳቸው የተተወ ነው። አዲሱ ጉባኤ ደግሞ እዚያ የሚቀበረው የቤተ ክርስቲያኑ አባል ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ሚስ ዶሮቲ በሰው ላኩባቸው፦ አባልነቱን ይመልስ፣ ቦታው ይጠብቀዋል። ጋሽ ሃሮልድ መልስ የሰጡት ለእኔ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ። “ኤለን አጠገብ ለመተኛት ብዬ ያላመንኩትን አምኛለሁ ብል፣ መጀመሪያ የምትታዘበኝ ኤለን ናት” አሉኝ።

የእሳቸው ወገን አንድ የትምህርት ቤት ጂም ተከራየ። በቅርጫት ኳስ መረቡ ሥር ወንበር ደርድረው ይጸልያሉ። ጋሽ ሃሮልድ አልቀሩባቸውም። ግን እሑድ በማለዳ መጀመሪያ ወደ እኛ ይመጣሉ። ከረባታቸውን አድርገው፣ መኪናቸውን መስመሩ መሐል አቁመው፣ እስከ ጸሎት ቤቷ በር ይሄዳሉ። አይገቡም። በሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ሥር ባለ ጣሪያ ገብቼ አልጸልይም ብለዋልና አይገቡም። የበሩን መቃን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና መዳፋቸውን ይጭኑበታል፤ መሳም አልደፈሩም። ከዚያ ውጭ ከሚቆሙት ከእኛ ሰዎች ጋር ይቆማሉ። ወደ ኤለን ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ጂሙ።

በዚህ ወገኖቻቸው ቅር ይላቸው ነበር። “ወጣን ካልን ወጣን ነው፣ ምን ያመላልስሃል?” ይሏቸዋል። የእኛም ተረበኞች፣ “አልሸሹም ዞር አሉ” እያሉ ያሙ ነበር። እኔ ግን በር ላይ ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር። በሁለቱም ወገን ተወቅሰው የማይሸሹ ሰው አላየሁም ነበርና። ከትልቁ ቤት ቢሮ መስኮት ሚስ ዶሮቲም ያዩዋቸዋል። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ በሰላም ስንኖር በቅዳሴ የማን አባት ስም ይጠራ የሚለው ጠብ እኛም ዘንድ ገባ። አገር ቤት ያሉት አባት ይጠሩ የሚሉ አሉ፣ በስደት ያሉት ይጠሩ የሚሉ አሉ። የሰበካው ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ የአንዱ ወገን ናቸው። ጋሽ ወልዴ የሚባሉ አንጋፋ ደግሞ የሌላው። ሁለቱ በአንድ መኪና ወደ ሥራ ይሄዱ የነበሩ ሰዎች ሰላምታ አቆሙ። አንድ እሑድ ስንመጣ በጸሎት ቤቷ በር ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አቶ ደምሴ ናቸው ያንጠለጠሉት። የሰው ቤት ተከራይቶ በላዩ ላይ የራስን ቁልፍ መጨመር ከእኛ በቀር ማን ያስበዋል?

ፓርኪንግ ሎቱ በነጠላ ተሞልቶ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ቄሳችን መሐል ቆመው ይለምናሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

“አንተ ማነህና ነው የእግዚአብሔርን ቤት የምትቆልፈው?” ይላሉ ጋሽ ወልዴ።

“ሊዙ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው ዲሳይድ አድርጓል” ይላሉ አቶ ደምሴ።

አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ፣ “አይ አም ኮሊንግ ዘ ፖሊስ፣ ኢናፍ” ይላል። ጋሽ ሃሮልድ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጓጉንቸሩን አዩት። መቃኑን ኳ ኳ አደረጉና መዳፋቸውን ጫኑበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ልናገር ነው፣ ተርጉሚልኝ” አሉ።

ሽማግሌ መሆናቸው ረዳ፤ ሁሉም ዝም አለ። “እኔ ያደረግሁትን ታውቃላችሁ” አሉ። “ትክክል ነበርኩ ብዬ አምናለሁ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ ድምፅ እሰጣለሁ። ስለዚህ ዝም በሉ፣ ተስማሙ ልላችሁ አልመጣሁም። ግን ቤተ ክርስቲያን ስትከፈል ሁለት አትሆንም፤ ሁለት ግማሽ ነው የምትሆነው። ዋጋው ምን እንደሆነ ሳላይ ነው የከፈልኩት። እናንተ አይታችሁ ክፈሉ።” በባርኔጣቸው ወደ ምሥራቅ ጠቆሙ። “ሚስቴ እዚያ ናት። እኔ እዚያ አልቀበርም።”

የመጨረሻውንም ተረጎምኩ። ነገሩን እስከዚያች ቀን ከእኛ ሰዎች መካከል ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለእኛ ሰው ደግሞ መቃብር ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አቶ ደምሴ መሬት መሬት እያዩ ኪሳቸውን ይፈትሹ ጀመር። ቄሱ ሳይጠብቁ ከተዘጋው በር ፊት ለፊት ቆመው ጸሎቱን ጀመሩ፤ ሁለቱም ወገን ተቀበላቸው። ቁልፉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍጹም እርቅ ወረደ አልልም፤ ጥቂት ቤተ ሰቦች ሄደው ሀያትስቪል ሌላ ቦታ ተከራዩ። ብዙዎቻችን ግን ቀረን።

በሳምንቱ አቶ ደምሴና ጋሽ ወልዴ አብረው ወደ እኔ ሲመጡ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እርስ በርሳቸው ገና በደንብ አይነጋገሩም፤ ለአንድ ጉዳይ ግን ተስማምተዋል። “ብዙዬ፣ ሴትዮዋ ጋ አፖይንትመንት ያዢልን” አሉኝ አቶ ደምሴ። “ለጋሽ ሃሮልድ ሽምግልና እንገባለን።” ቄሱም ሦስተኛ ሆኑ።

ሚስ ዶሮቲ ቢሯቸው ውስጥ ሦስት ወንበር አስተካክለው፣ ብስኩት አቅርበው ጠበቁን። “ተቀመጡ” አሉ። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። “ተቀመጡ እንጂ፣ እባካችሁ።” ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና፣ “የመጣንበት ሳይፈጸምልን አንቀመጥም” አሉ። ተረጎምኩ። ሚስ ዶሮቲ ወንበሩ ቆሽሾ እንደሆነ ዝቅ ብለው አዩት። በእኛ ልማድ ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ እሺታውን ሳያገኝ አይቀመጥም፤ እህል ውኃም አይቀምስም ብዬ አስረዳኋቸው። ፊታቸው ቀላ። እንግዳ አስቁሞ መቀመጥ ስላልቻሉ እሳቸውም ቆሙ፤ አምስታችንም እንደ ቆምን ቀረን።

“ሃሮልድ አባል አይደለም” አሉ። “ደንቡን የጻፍኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በሩ ክፍት ነው፤ አልገባም ያለው እሱ ነው።”

ቄሱ በትሕትና፣ “እውነት ነው፣ አልገቡም” አሉ። “ግን በእኛ ዘንድ ደጅ የሚሳለም ሰው የደብሩ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ይሳለማሉ፤ እርስዎም ያዩዋቸዋል።”

ሚስ ዶሮቲ ወደ መስኮቱ ዞሩ። “አስብበታለሁ” እንኳ አላሉም። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ቆይተው፣ እጅ ነስተው፣ ብስኩቱን ሳይነኩ ወጡ። መኪናው ውስጥ አቶ ደምሴ፣ “እግሬን ገደለኝ” ብቻ አሉ።

ይሄን ስነግራቸው ጋሽ ሃሮልድ ተቆጡ። ማን ለምኑልኝ አላችሁ፣ ደንብ ደንብ ነው፣ ዶሮቲን በገዛ ቢሮዋ ማስጨነቅ ምን የሚሉት ነው አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

“እውነት አልተቀመጡም?”

“አልተቀመጡም።”

“እስከ መቼ ነው የሚቆሙት?”

“እሺ እስኪባሉ።”

“እንግዲያው ገና ቆመዋል ማለት ነው” አሉ። ያን ቀን ብቻ ነው ፊታቸው ላይ ፈገግታ ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የድካም ነበሩ። ልባቸው ታመመ። ከዘራ ያዙ። በክረምቱ በረዶ ጊዜ አትምጡ ብንላቸው አልሰሙም፤ የእኛ ልጆች ከመኪናቸው እስከ በሩ ድረስ በረዶውን ይጠርጉላቸው ነበር። የመጨረሻ እሑዳቸው ላይ መቃኑን ኳ ኳ አድርገው መዳፋቸውን ከጫኑ በኋላ፣ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ስለ መቃብሩ ግን ዳግመኛ አንስተው አያውቁም። የወገኖቻቸው የቀብር ቦታ ሩቅ ነው፤ እዚያ እንደሚቀበሩ ሁላችንም ለምደነው ነበር።

እንግዲህ ሚስ ዶሮቲ በስልክ የነገሩኝ ይሄ ነው። “ሃሮልድ ትናንት አረፈ” ካሉ በኋላ፣ “ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሮዬ ያሉት ሦስት ወንበሮች እረፍት ነስተውኛል” አሉ። “ጉባኤውን ትናንት ማታ ሰብስቤ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ፤ መጥተው ይቀመጡ።”

ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። የጂሙ ሰዎችም መጡ፣ የሚስ ዶሮቲም ሰዎች መጡ፣ እኛም ነጠላችንን ለብሰን መጣን። አስከሬኑ ወደ ትልቁ ቤት አልገባም፤ በሕይወታቸው አልገባም ያሉትን፣ ሞተው አላስገቧቸውም። ሚስ ዶሮቲ ቀደም ብለው፣ “በር ላይ የሚያደርገው ነገር ነበር፤ እሱን እንዴት እናድርግለት?” ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የተሸከሙት ሰዎች በጸሎት ቤቷ በር ፊት ቆሙ። ቄሳችን የሣጥኑን ራስጌ ከመቃኑ ጋር አስነኩት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ወሰዷቸው።

ጸሎቱን ያደረሱት የጂሙ ካህን ናቸው፤ ያነበቡትም ከዚያ ሽፋኑ ከነተበው መጽሐፍ ነው። ተሰጥዎውን ሚስ ዶሮቲ መጽሐፍ ሳይዙ በቃላቸው መለሱ። በልጅነታቸው አብረው የተማሩት ነውና ቃል በቃል ያውቁታል። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ሲጠፋ ከጂሙ ሰዎች ያ የሰደባቸው ሰውዬ ቀጠለላቸው።

ሣሩ ላይ ወንበር ተደርድሯል። ከፊት ሦስቱ ከቢሮ የመጡ ናቸው፤ አወቅኋቸው። ሕዝቡ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ሚስ ዶሮቲ ከሦስቱ ወንበሮች ጎን ቆመው ጠበቁ። አቶ ደምሴ፣ ጋሽ ወልዴና ቄሱ መጡ። ሚስ ዶሮቲ ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን ወደ ወንበሮቹ ዘረጉ። ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ወደ መቃብሩ ድንጋይ አየት አደረጉ፤ በኤለን ስም በስተቀኝ ያለው ባዶ ቦታ የጋሽ ሃሮልድ ስም እንዲቀረጽበት በእርሳስ ተሰምሮበታል።

ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡ።